የጌታው ፉ እጅ

«እትዬ፣ ጭቃው እየደረቀ ነው!» አለ ታናሽ ወንድሟ ዌንባይ፣ በነጭ የሐዘን ጨርቁ አፉን ሸፍኖ።

ጂንዲ ቀና ብላም አላየችው። አባቷ ሣጥን ውስጥ ከተጋደመ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ እሷም እግሩ ሥር ተንበርክካ ለሟች የሚላከውን የወረቀት ብር እሳት ውስጥ ትጨምራለች። ሬሳ ፊት ስለ ገበያ የሚያንሾካሹክ ወንድም ከሬሳው ይከብዳል።

«ዘጠኙ የሻይ በራዶች እርጥብ ጋኑ ውስጥ ቢቆዩ እስከ ነገ ነው። ከደረቁ የአባባ ማህተም አይገባቸውም።»

«ራስህ ምታባቸዋ።»

«እኔ ከነካሁትማ ይጣመማል። ከታይፔ የመጡት ገዢዎች ያውና ተቀምጠዋል። ከእንግዲህም ‹አባባ ሠርቶ ያስቀመጠው ነው› እያልን ሁለት ሦስት ዓመት እንሸጣለን።»

«የሙት እጅ ሆኜ ልሥራ?»

«እስከ ዛሬስ የማን እጅ ሆነሽ ነው የሠራሽው?»

ቃሉ ካፉ ሲወጣ ራሱም ደነገጠ።

የአባቷ፣ የጌታው ፉ፣ እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። የከተማቸው የዲንግሹ በራድ ጭቃው በእንጨት ተደብድቦ፣ ተቆርጦ፣ በእጅ ተጠቅልሎ ነው የሚቆመው፤ የሚንቀጠቀጥ እጅ ክዳንን ከአፍ አያስማማም።  ጌታው የጭቃ መደብደቢያውን በሴት ልጁ በጂንዲ እጅ ላይ አስቀመጠና መስኮቱን ዘጋ፣ አለቀ። ከዚያ ወዲህ እሷ ትሠራለች፣ እሱ ስሙ የተቀረጸበትን ማህተም ያሳርፋል። ሊያገባት የመጣውን ምድጃ አንዳጅ «ልጄ በሽተኛ ናት» ብሎ መለሰው። ከሥራ ስትነሳ ግን እግሯን በሙቅ ውሃ ያጥብላት ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ይሉታል? ክፉ ቢሉት አይሞላ፣ ደግ ቢሉት አይሞላ።

አሁን ብትናገር አባቷን በገዛ ሣጥኑ ፊት ታዋርደዋለች። ዝም ብትል ከነነፍሷ አብራው ትቀበራለች።

የማዶዋ ጎረቤት እማማ ሉ፣ እሷም በራድ ስትሠራ ያረጀች፣ ለለቀስተኛ የሚቀርበውን ቶፉ፣ የአኩሪ አተሩን አይብ፣ እያላመጠች ተጠጋቻት።

«ወንድምሽ ማህተም ምቺ አለሽ አይደል?»

«የምን ማህተም?»

«ወግጂ፣ እኔን አታሞኚኝ! አባትሽ ጭቃ ሲደበድብ ሁለት መትቶ ያርፍ ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ከዚህ ቤት የምሰማው ግን ማረፍ የማያውቅ ነው። መስኮት ቢዘጋ ሰፈሩ ደንቆሮ መሰለሽ?»

«አውቃችሁ ነው ዝም ያላችሁ?»

«አባትሽ የተከበረ ሰው ነበራ።»

«እኔስ፣ እማማ?»

አሮጊቷ ማላመጧን አቆመች። 

ጂንዲ ተነሳች። ሐዘንተኛ ልጅ ከሣጥን ሥር አይነሳም፤ ለቀስተኛው ሁሉ እያያት ወደ መሥሪያ ቤቱ ገባች። የጋኑን ክዳን ከፈተች፣ እርጥቡን ጨርቅ ገፈፈች፣ ዘጠኙንም በራዶች አውጥታ ነፋስ ላይ ደረደረቻቸው።

«አበድሽ እንዴ!» ዌንባይ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ስም የሌለው በራድ ማን ይገዛል?»

«እነዚህ ያለ ማህተም ምድጃ ይግቡ። ለሚቀጥለው የራሴን ስም አስቀርጻለሁ።»

«የአባባስ ስም?»

«የአባባ ስም ከአባባ ጋር ይረፍ።»

ተመልሳ ተንበረከከች። የአባቷ እጆች ደረቱ ላይ ተጣጥፈው ጸጥ ብለዋል። ጥፍሮቹ የጸሐፊ ጥፍር ይመስል ንጹህ ናቸው።  ከገዛ አውራ ጣቷ ጥፍር ሥር ጥቂት ጭቃ ፈልቅቃ አወጣች፤ በእሱ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ቀስ ብላ ሞላችና እጁን ወደ ነበረበት መለሰችው።