ለነብሮ የተነፋ ጥሩምባ

ጋሽ ዓምደ ሚካኤል የቅሬው፣ የቀብር ዕድሩ፣ ዳኛ ከሆኑ ወዲህ በሰፈሩ መሞት ይቻላል እንጂ ከቀብር መቅረት አይቻልም። የቀረ ይቀጣል፤ ዘግይቶ የደረሰ ይቀጣል፤ በሰዓቱ ደርሶ ቃሬዛ ሳይሸከም ጥላ ይዞ የቆመውንም አይምሩትም። የገዛ ሚስታቸው የትምወርቅ የተቀበረች ዕለት እንኳ ዓይናቸው ደርቆ፣ ማን መጣ ማን ቀረ ሲሉ ነው ሰው ያያቸው። ሰው ይፈራቸዋል፣ ያማቸዋል፤ ሲሞት ግን እሳቸው እንዲያስቀብሩት ይፈልጋል።

የትምወርቅ ልጅ አልወለደችም። ትታላቸው የሄደችው ከቡችላነቱ ጀምራ ያሳደገችውን ነብሮን ነው። ጋሽ ዓምደ ሚካኤል ውሻ አይወዱም፤ ቢያንስ ለሰው የሚሉት እንደዚያ ነው። "የሷ ጣጣ ነው" ይላሉ። ይሁን እንጂ የራታቸውን እኩሌታ የሚበላው እሱ ነበር። እሷ ከሄደች ወዲህ በዚያ ቤት ከሳቸው ሌላ የሚተነፍስ እሱ ብቻ ነው፤ እሱ ከሞተ ወደ ቤት መግባት ራሱ ምን ያደርግላቸዋል?

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ጅብ የበጎቹን በረት ሊሰብር ሲል ነብሮ ገጠመው። በጎቹ ተረፉ። የነብሮ ጎን ግን ተቦጭቆ ቀረ፤ የኋላ እግሩም ተንጠለጠለ።

የከብት ሐኪም ያለው ከዳገቱ ወዲያ ሞላሌ ከተማ ነው፤ መንገዱ ምንም ላልተሸከመ ሰው እንኳ አድካሚ ነው። እንዲህ ላለው ጉዳይ የሚበጀው የቅሬው ቃሬዛ ነበር። ዳሩ ግን አምና ጎረቤታቸው ሸዋረግ እግሯ ለተሰበረ ጥጃዋ ቃሬዛውን ብትለምን፣ ጋሽ ዓምደ ሚካኤል "ቃሬዛ ለተጠመቀ ነው" ብለው መልሰዋታል። ጥጃዋም ሞተች። ታዲያ ዛሬ በምን አፋቸው ይጠይቁ? ነብሮን በወፍራም የሱፍ ብርድ ልብሳቸው፣ በባናው፣ ጠቅልለው እንደ ልጅ አዘሉትና ዳገቱን ተያያዙት። ሸዋረግ ከጓሮዋ ሆና አየቻቸው። ሰላም አላሏትም፤ እሷም አላለቻቸውም።

ዳገቱን ሳያጋምሱ ከበታቻቸው የቅሬው ጥሩምባ ተነፋ።

ሰው ሞቷል ማለት ነው። ዳኛ ከቀብር ከቀረ ቅጣቱ እጥፍ ነው፤ ይህን ያወጡት ደግሞ እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ነብሮ ጀርባቸው ላይ ይቃትታል፤ ደሙ ባናውን አልፎ ሸሚዛቸውን አርሶታል። ቅጣቱ አልነበረም ያስጨነቃቸው። የሞተው ማንም ይሁን ማን፣ የትምወርቅን ሊቀብር መጥቶ አፈር ያለበሰ ሰው ነው። በሕይወታቸው እንደዚያ ሰዓት ደንብ ጠልተው አያውቁም። "ነብሮ፣ ይቅር በለኝ" አሉና ቁልቁል ተመለሱ።

ቅሬው የሚሰበሰብበት ጥድ ሥር ሲደርሱ ሰዉ ተሰብስቧል። ግማሹ ዶማና አካፋ ይዟል። ቃሬዛው መሀል ላይ ተቀምጧል።

"ማን ሞተ?" አሉ።

"ማንም አልሞተም" አለች ሸዋረግ። "እንዳይሞት ነው።"

ጥሩምባ ነፊው፣ ምስክር የሚባለው፣ መሬት መሬት ያያል። "እኔን ንፋ ያለችኝ እሷ ናት" አለ።

"ሬሳ ሳይኖር ጥሩምባ መንፋት ያስቀጣል" አሉ ጋሽ ዓምደ ሚካኤል፣ ውሻውን እንዳዘሉ።

"እንቀጣለን። አሁን ያውርዱት።"

"ቃሬዛ ለተጠመቀ ነው።"

"እሱን አምና ሰምቻለሁ" አለች። "እንግዲያው ደንቡን እንለውጠዋለን።"

ዘመኑ ቀበሌው ሕዝቡን አንድ ለአምስት አደራጅቶ ጠዋት ማታ ስብሰባ የሚጠራበት ነበርና ገበሬው እጅ ማውጣት ከማረስ የበለጠ ለምዶ ነበር። "የምትደግፉ?" አለች ሸዋረግ። ሰዉ ሁሉ እጁን አወጣ። "የምትቃወሙ?" ማንም የለም። ዳኛውን አየቻቸው። ሁለቱም እጃቸው ውሻውን ይዟል።

"እኔ ተአቅቦ" አሉ።

ውሻው ባናውን እንደተከናነበ ቃሬዛው ላይ ተጋደመ። ጎረምሶቹ እየተፈራረቁ ተሸከሙት። ያገኛቸው መንገደኛ ሁሉ ባርኔጣውን አውልቆ "እግዜር ይማርልን" ይላል፤ ተሸካሚዎቹም "አሜን" ይላሉ። የታመመው ማን እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ ላልጠየቀ ደግሞ ማን ይነግረዋል? መምሬ መርስዔ ኃዘን የሚባሉ ቄስ ብቻ ከበቅሏቸው ወርደው፣ መስቀላቸውን አውጥተው ሕመምተኛውን ሊያሳልሙ ጎንበስ ሲሉ ከባናው ሥር የነብሮ አፍንጫ ብቅ አለ። መስቀሉ አየር ላይ ጥቂት ቆየ። ከዚያ ተሸካሚዎቹን በየተራ አሳልመው በቅሏቸው ላይ ወጡ።

ሞላሌ ላይ የከብት ሐኪሙ ናሁሰናይ ቃሬዛውንና የተከተለውን ሕዝብ ሲያይ "ተሳስታችኋል፤ የሰው ጤና ጣቢያው ወዲያ ማዶ ነው" አለ። ባናው ሲገለጥለት ግን እጁን ሊታጠብ ሄደ። ጋሽ ዓምደ ሚካኤል የውሻውን ራስ እንዲይዙ አደረገና ሌላውን ሰው አስወጥቶ በሩን ዘጋ።

ሰዉ ግቢው ውስጥ ቆሞ ጠበቀ። ብዙ ከቆዩ በኋላ ከውስጥ ለቅሶ ተሰማ፤ የሽማግሌ ለቅሶ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ያለ እፍረት። ምስክር ሳያስበው ጥሩምባውን ከትከሻው አወረደ።

ሸዋረግ በሩን ገርበብ አድርጋ አየች። ቀስ ብላ መልሳ ዘጋችው።

"ሞተ?" አላት ምስክር።

"አልሞተም። ተሰፍቷል፤ እግሩም ታስሯል፤ ይድናል ብሏል ሐኪሙ። ነብሮ እጃቸውን እየላሰ ነው።"

"ታዲያ ማንን ነው የሚያለቅሱት?"

"የትምወርቅን" አለች።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ ጋቢውን እያጣፋ፣ ለቅሶ ቤት እንደደረሰ ሰው፣ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ተቀመጠ።