ፀጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ ሲቀመጥ

ፀጉር አስተካካዩ የጡረተኛውን መምህር ጆሮ በምላጭ የቆረጠ ዕለት አልደነገጠም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለሐሜት እንጂ፣ ምላጭ ሲያርፍበትስ ከባለቤቱ የሚቀርበው የለም፤ መምህሩ ጆሯቸውን ይዘው ሲጮኹ ደሙ በነጩ ጨርቅ ላይ ወረደ። እሱ ግን በሰው ደጅ የሚዘንብ ዝናብ እንደሚያይ ሰው ቆሞ አየው። ይቅርታም አላለ። ጥጥ ያመጣችው፣ የለመነችው፣ እስከ በር የሸኘቻቸውም ታላቅ እህቱ ነበረች።

ሱቁን ሁለቱ ከአባታቸው ወርሰው ነው የሚሠሩት፤ እሱ ለወንዱ፣ እሷ ለሴቱ። መምህሩ እንደወጡ ምላጮቹን ሰብስባ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችባቸው።

«እትዬ፣ በምን ልሥራ?»

«በመቀስ። ፂም መላጨት የለም። አባባ ከሞተ ወዲህ ትበላለህ፣ ትሠራለህ፣ አንተን ግን ፈልጌ አጣሁህ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ሄደህ ለሥነ ልቦና ባለሙያዋ ንገር።»

«ምኑን ልንገር? ምንም አልተሰማኝም እኮ።»

«እሱኑ ንገራታ።»

ምላጭ የተቀማ ፀጉር አስተካካይ ግማሽ ሰው ነው፤ ደንበኛው ሁሉ ከንፈሩን እየመጠጠ ፊት ለፊት ካለው ሱቅ መላጨት ጀመረ። ስለዚህ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያዋ የሄደው ለነፍሱ ብሎ ሳይሆን ለምላጩ ነው።

ክፍሏ ጠባብ ናት። ሁለት ወንበር፣ መሀላቸው ትንሽ ጠረጴዛ፣ እላዩ ላይ ሶፍት። መስታወት የለም። እሱ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ከሰው ጋር ያወራው ከጀርባ ቆሞ፣ በመስታወት እያየ ነው። ሴትዮዋ ስትቀመጥ እግሩ በልማድ ወሰደውና ሄዶ ከኋላዋ ቆመ፤ እጁንም የወንበሯ መደገፊያ ላይ አሳረፈ። እሷ አልሳቀችም፤ ቀስ ብላ ዞረች።

«እዚያ ሆነው ማውራት ይቀልዎታል?»

ደህና ሰው ቢሆን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። እሱ ግን እፍረቱም አልመጣለት። ዞሮ ተቀመጠ።

«እዚህ የሚነገር እዚሁ ይቀራል፤ የእርስዎ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ካልወደቀ በቀር» አለችው። «እኔ መድኃኒት አላዝም፤ የሚያስፈልግ ከመሰለኝ ወደሚያዝ ሐኪም እልክዎታለሁ። በየሳምንቱ እንገናኛለን። አንዳንዴ ሲወጡ ከመጡበት ይብስብዎት ይሆናል፤ ያጋጥማል። ማልቀስም ግዴታ አይደለም።»

«ምላጭ እንድይዝ የሚፈቅዱልኝ መቼ ነው?»

«እሱን የምፈቅድ እኔ አይደለሁም።»

ያን ጊዜ ደንበኛ ማጫወት የለመደ አፉ ብቻውን ሥራ ጀመረ። ሥራ እንዴት ነው? እዚህ ሰፈር ውሃ አያስቸግርም? ልጆች አሉዎት? ሴትዮዋ ሁለቱን መለሰችና ሦስተኛው ላይ ፈገግ አለች።

«ማናገር ያውቁበታል። ሰው ብዙ ነገር ይነግርዎታል መሰለኝ።»

«ሁሉንም ይነግረኛል።»

«እርስዎስ ለማን ይናገራሉ?»

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእሱ ነበር። «ፀጉሬን የሚቆርጠኝ አባቴ ነበር» አለ። «ሲቆርጠኝ እናወራለን።»

«አባትዎ ምን ሆኑ?»

«ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ጠዋት ጠዋት ፂሙን እላጨው ነበር። አንድ ቀን ቀኝ ጉንጩን ጨርሼ ወደ ግራው ሳዞረው ትንፋሽ የለውም። አረፋው እንኳ አልደረቀም።»

«ከዚያስ?»

«ግራውን ጨረስኩ። አሳምሬ ነው የላጨሁት። ከዚያ ነርሷን ጠራሁ። ግማሹን ተላጭቶ እንዴት ይሂድ?»

ይህን ሲናገር የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት የሚነግር ሰው ይመስል ነበር።

«እጅዎ አልተንቀጠቀጠም?»

«ቢንቀጠቀጥ ይቆርጠው ነበራ።»

«አሁን እኮ መላጨቱ አልቋል» አለች በዝግታ። «ግራውንም ጨርሰዋል።»

ሰዓቱ ሲያልቅ ተነሥቶ እጇን ጨበጠ።

ሲወጣ መንገዱም መኪናውም ያው ነው። የቀለለውም የከበደውም ነገር የለም። ከንቱ ድካም ነው ብሎ ሱቁ ገባ።

«መድኃኒት ሰጠችህ?» አለች እህቱ።

«አልሰጠችኝም።»

«ታዲያ ምን አደረገችህ?»

«አስቀመጠችኝ» አለና ስለ አባታቸው ግራ ጉንጭ ለእሷም ነገራት። እስከዛሬ አልነገራትም ነበር። እህቱ የደንበኛው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ እሱ ቆሞ አያት። ሲወጣላት ተነሣች፣ መሳቢያውን ከፈተችና የአባታቸውን ምላጭ አውጥታ ሰጠችው።

«ይኸው ያዝ። ብቻህን ተሸክመኸው ሳላውቅ ነው የቀማሁህ።»

ምላጩን እንደ ወትሮው ዘርግቶ ስለቱን በአውራ ጣቱ ጥፍር ሊሞክር አስጠጋው። ጣቱ ተንቀጠቀጠ። የመምህሩ ጩኸት ያን ጊዜ ገና ጆሮው የገባ መሰለው፤ ከዚያ ጆሮ እስከ አንገታቸው የነበረው ስንዝር የማይሞላ ቦታም ታየው።

«እትዬ፣ መልሰሽ ቆልፊው።»

«ምነው?»

«ፈራሁ» አላት።

እህቱ ከእጁ ተቀብላ ቆለፈችው። እሱ ጨርቁን ራሱ አንገቱ ላይ አሰረና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ «እንደ አባባ እያወራን ቁረጪኝ» አላት።