ታጥፎ የተቀመጠው

«አንቺ ትሰርዣለሽ፣ እኔ እመልሰዋለሁ። ቀድማ የምትደክመውን እናያለን» አለች ማማ አካይቲ፣ መርፌዋን ከጨርቁ ሳታነሳ።

«ምን ያደክመኛል? የሚሠራው አንድ ጣት ነው» አለች የማኅበራችን ሊቀመንበር ማማ ሞኤሮአ።

እኛ የአይቱታኪ ደሴት ሰፊዎች የራሳችን ዊኪ አለን፤ ማናችንም የምንጽፍበት፣ ማናችንም የምናርመው ድረ ገጽ ነው። በእጅ ስለምንሰፋው የአልጋ ልብስ፣ ስለ ቲቫኤቫኤ በሚናገረው ገጽ ላይ አካይቲ የሟች እህቷን የኡፖኮይናን ታሪክ አስገብታለች። የምንሰፋው ጥለት አብዛኛው ከኡፖኮይና መቀስ የወጣ ነው፤ ስሟ ግን የትም ተጽፎ አያውቅም። አካይቲ አንዲት ቃል አልቀንስም የምትለው ለዚህ ነው። በስልክ የሚያነብ ሰው ግን ጣቱ እስኪዝል ቢገፋ ከሥሩ ያለው የሞኤሮአ የዳቦ ዛፍ ጥለት ጋ አይደርስም። ስለዚህ ሞኤሮአ ጠዋት ትሰርዛለች፤ አካይቲ ከሰዓት ትመልሳለች። የዋናው ደሴት የራሮቶንጋ ሴቶች ደግሞ በማግስቱ ሊጎበኙን ነው።

ገጹን የምጠብቀው እኔ ነኝ። «ለምን አናጥፈውም?» አልኳቸው።

በጽሑፉ ራስና ግርጌ ምልክት ሳደርግ ያ ሁሉ ታሪክ አንዲት መስመር ሆነ። ሲነኳት ይዘረጋል፣ መልሰው ሲነኳት ይታጠፋል። መስመሯ «አሳይ» ትላለች።

«ጉምሩክ ነው እንዴ?» አለች አካይቲ። «ሰው እንዲህ ይጠራል?»

ቃሉን መለወጥ እንደሚቻል ስነግራት «ግቡ፣ አልጋው ተነጥፏል» አስጻፈችኝ። አሠራሩንም አሳየኋት። ጥፋቴ እሱ ነበር።

በማግስቱ ሞኤሮአ ስልኳን ወደ ላይ ይዛ ወደ አዳራሹ ገባች። «ታንጊ፣ ገጻችንን ምን በላው?»

አካይቲ ያገኘችውን ሁሉ አጥፋዋለች፤ ፎቶዎቹን፣ የዳቦ ዛፉን፣ የሻይ ተራችንን ሳይቀር። የቀረው «ግቡ፣ አልጋው ተነጥፏል» የሚል የመስመር ሰልፍ ብቻ ነው።

«የከበረ ነገር ሳጥን ውስጥ ታጥፎ ነው የሚቀመጠው» አለች አካይቲ። «አንቺስ ያንቺን ደጅ ላይ ነው የምታሰጪው?»

ሞኤሮአ የራሷን ጥለት ፍለጋ መስመሮቹን በየተራ መንካት ጀመረች። የኡፖኮይና ተዘረጋ። ወደ ግርጌው ወርዳ ቆመች፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበች፦

«‹ለቅጠሎቹ አረንጓዴ ጨርቅ ሲያጥራት ሞኤሮአ የመስኮቷን መጋረጃ አውርዳ ሰጠቻት። ለባሏም መጋረጃውን ነፋስ ወሰደው አለችው።›»

ሳቁ አዳራሹን ሞላው።

«እስከ ዛሬም ነፋስ ነው የሚመስለው» አለች ሞኤሮአ።

«ስንት ጊዜ ሰረዝሽው፤ አንድ ቀን እንኳ እስከ መጨረሻው አላነበብሽውም» አለች አካይቲ።

«ያንን ሁሉ ማን ያነባል?» ስልኩን ለእኔ ዘረጋችልኝ። «ታንጊ፣ ሌላውን እንደነበረ መልሺው። ይሄኛው ግን ተከፍቶ ይዋል።»

«የዳቦ ዛፍሽስ? መቀበሩ ነው እኮ» አልኳት።

«እሱ ለምዶታል።»

እንግዶቹ የአበባ ጉንጉን በአንገታቸው እንዳለ ገቡ። ፖኬ የምንለው የሙዝ ጣፋጭ ቀረበ፤ ሁሉም ስልኩን ከበበ። ሞኤሮአ ከመጀመሪያው ጀምራ «ኡፖኮይና» ብላ ጮክ ብላ ማንበብ ያዘች። ስለ መጋረጃው እንደገና ስንስቅ፣ አካይቲ ባርኔጣዋን ከወንበሩ አንስታ በጓሮ በር ወጣች፤ እህቷ ወዳረፈችበት ግቢ በሚወስደው መንገድ።