ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር የነዳ ሰው

ደብዳቤው ማክሰኞ መጣ። ባሌ ክላይቭ ከመጀመሪያው ገጽ አላለፈም፤ እኔ ግን እስከ መጨረሻው አነበብኩት። «አመልካቹ ከመኖሪያው ካናማላ እስከ ምርመራው ቦታ ቻርልቪል ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ራሱ እየነዳ መጥቷል። ስለዚህ ረጅም ሰዓት መቀመጥ ይችላል። ስለ ወገቡ ሕመም ሲጠየቅም ‹ምንም አይልም› ብሏል።» የአካል ጉዳት ጡረታው ተከልክሏል።

እንዴት እንደነዳ እኔ አውቃለሁ፤ አጠገቡ ነበርኩ። ዓይኔ ከደከመ ወዲህ መሪ አልያዝኩም፤ በቀጠሮው ቀን አውቶቡስ የለም፤ ብንቀር ደግሞ ፋይሉ ይዘጋል። በየሃያ ደቂቃው መኪናውን እያቆመ መንገድ ዳር ጠጠር ላይ በጀርባው ይንጋለል ነበር። የሁለት ሰዓቱ መንገድ አምስት ሰዓት ፈጀ። ይህን የጻፈ የለም።

«‹ምንም አይልም› አልክ?»

«ታዲያ ምን ልበል? መርማሪዋ ልጅ እንዴት ነህ አለችኝ።»

«አንተ ጅል! ሰላምታ መሰለህ?»

«ሮዌና፣ ሠላሳ አምስት ዓመት በግ ሸልቻለሁ። በሸላቾች መሃል ወገቤን አመመኝ ያለ ሰው መሣቂያ ነው።»

እውነቱን ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ግብር ሲቆርጡበት ግን ወገብህ እንዴት ነው ያለው አልነበረም። አሁን የቀረለት የሥራ ፈት ድጎማ ነው፤ የቤት ኪራያችንን እንኳ አይሸፍንም፤ እሱንም ለማግኘት ሥራ ሲፈልግ መታየት አለበት። ይግባኙ ሰኞ በስልክ ነበር።

እሑድ ከምሳ በኋላ አለማመድኩት።

«ጤና ይስጥልኝ ጌታዬ፣ እንዴት ነዎት?»

«ምንም አይ...»

ፎጣ ወረወርኩበት። «ካልሲህን ማነው የሚያጠልቅልህ?»

«አንቺ።»

«እሱን በል እንግዲህ!»

«ለማላውቃት ሴት?»

«ለማታውቃት ሴት!»

ሰኞ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ደወለ። «ካልሲዬን ሚስቴ ናት የምታጠልቅልኝ» አለ። «አልጋ ላይ ለመገላበጥም እሷን እቀሰቅሳለሁ።» እስከ ጆሮው ቀላ። በትዳራችን ዘመን ሁሉ እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

«ገባኝ» አለች ስልኩን ያነሳችው ሴት። «ግን የእኔ ክፍል አይደለም፤ ላገናኝዎት።»

ሙዚቃ ለቀቁብን። አርባ ደቂቃ! ሁሉንም ቆሞ አዳመጠ።

በመጨረሻ የአንድ ጎልማሳ ድምፅ መጣ። «ይቅርታ ጌታዬ፣ እዚህ የተመዘገበ ነገር የለም። ከመጀመሪያው ይንገሩኝ እስቲ።»

ስልኩን ልቀማው እጄን ዘረጋሁ። ክላይቭ ጀርባውን ሰጠኝና ከካልሲው ጀመረ፤ አሁን ግን ጎረቤት እስኪሰማ እየጮኸ።