የተቆረጠችው ወይራ

ከቡሬ ወጣ ብሎ ያለው የጉሬዛ ገደል ጥብቅ ደን ጽሕፈት ቤት ሦስት ክፍል አለው፤ ሦስቱም በአንድ ቆርቆሮ ቤት ተፋፍገው ይሠራሉ፣ ይጣላሉም። የጥበቃ ክፍሉ መንበሩ «ሰው አይግባ» ይላል። የማኅበረሰብ ክፍሏ ተናኜ «ሰው ካልገባ ማን ይጠብቀዋል?» ትላለች። የቱሪዝም ክፍሉ ደግሞ፣ እግዜር ይስጠው፣ ፎቶ ያነሳል።

ዘንድሮ የተጣሉት በሳር ነው። ሳሩ ወገብ ደርሶ ደርቋል፤ አንድ ክብሪት ቢወድቅበት ደኑ እንዳልነበረ ይሆናል። ተናኜ ገበሬው ገብቶ ይጨደው፣ ለከብቱም ይሁነው አለች።

«ዛሬ ማጭድ፣ ነገ መጥረቢያ!» አለ መንበሩ።

ኃላፊዋ ወይዘሮ አቻምየለሽ ሁለቱንም ሰምተው ፈረዱ። «ሦስት ቀን ይጨዱ። አንድ ዛፍ ከተቆረጠ ግን አበቃ፤ ዳግመኛ ማንም አይገባም። ዋስ ማነው?»

«እኔ ነኝ!» አለች ተናኜ። ደፋር ናት፣ ምን ይደረግ!

ሁለት ቀን ሰላም ሆነ። በሦስተኛው ማለዳ መንበሩ የሕፃን ክንድ የምታክል የወይራ ጉቶ አገኘ፤ ገና እርጥብ ናት። «ይኸው ሰዎችሽ!» አላት፤ መቼም ደስ አላለውም አይባልም። ተናኜ ጎንበስ ብላ ጉቶዋን አየቻት። ገበሬው ዛሬ ከተባረረ፣ እሳት የተነሳ ቀን ማን እርጥብ ቅጠል ይዞ ሊያጠፋ ይመጣላታል?

«እስከ ከሰዓት ታገሠኝ። አውጫጭኝ ልጥራ።»

«አውጫጭኝ? ይሄ እኮ መሥሪያ ቤት ነው!»

«መሥሪያ ቤትማ ነው። ሰዉ ግን የጎጃም ሰው ነው።»

ስልሳ አጫጅ ከዋርካው ሥር ተቀመጠ። ደንቡን ሁሉም ያውቀዋል፤ ጥፋተኛው እስኪገኝ ከብት ቢጮህም፣ ውኃ ቢጠማም ማንም አይነሳም። ተናኜም አብራቸው መሬት ላይ ተቀመጠች። መንበሩ ብቻ ሰዓቱን እያየ ቆሟል።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው ተነሱ። አያ ስመኘው ናቸው፣ የመንበሩ አባት።

«እኔ ነኝ» አሉ። ማጭዳቸውን ከፍ አደረጉት፤ እጀታው አዲስ ወይራ ነው። «ትናንት አሮጌው ተሰበረብኝ። ዕድሜዬን ሙሉ እጀታ ሲሰበር እጄ የሚሄደው ወደ ወይራ ነው፤ ሳላስበው ቆረጥኩ። ዝም ያልኩት ግን ፈርቼ ነው። ልጄን ፈርቼ።»

አንድም ሰው አልሳቀ። መንበሩ ወደ አባቱ አንድ እርምጃ ተራመደ። «አባባ…»

«አባባን ተወውና ሥራህን ሥራ። እኔን ቅጣ። እነዚህ ግን ምን በወጣቸው?»

መንበሩ ደብተሩን አወጣና የአባቱን ስም እስከ አያት ጻፈ። ሽማግሌው የሳር ድርሻቸውን ያጣሉ፤ ሰኔ ሲገባ ሃያ ወይራ ተክለው እስኪጸድቅ ይንከባከባሉ። አያ ስመኘው እጅ ነሡ። ሰዉም ከተቀመጠበት ተነሳ።

ከዚያ መንበሩ ተናኜን አስከትሎ ኃላፊዋ ዘንድ ገባ። «ዘጠኝ ዓመት ጠብቄያለሁ» አለ። «ጥፋተኛ በራሱ ሲነሳ ያየሁት ዛሬ ነው። ሳሩ ይታጨድ፤ ለከርሞም ይታጨድ።»

ወይዘሮ አቻምየለሽ መነጽራቸውን አወለቁ። «ቃሌ አንድ ዛፍ የሚል ነበር። አሁንስ ዋስ ማነው?»

ተናኜ አፏን ከፈተች፤ መንበሩ ግን ቀደማት።

«እኔ ነኝ» አለ።