የቡሬው ሰላምታ

ያምሮት በወረቀት ላይ እንግሊዝኛ ማን ይደርስባታል! ተናገሪ ሲሏት ግን ምላሷ ይተሳሰራል። ቡሬ ካምፓስ ከገባች በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚሰጠው የንግግር ትምህርት የተመዘገበችው ለዚህ ነው። አስተማሪው ዘሚካኤል አንዲት ሕግ ነበረችው፤ ከበሩ ደፍ ወዲህ አማርኛ የለም። የአማርኛ ቃል ያመለጠው ተራውን ለቆ ይቀመጣል። ከተሜዎቹ ይህን እንደ ጨዋታ ያዩታል፤ የገጠሯ ልጅ ግን ስንት ቅዳሜ ተራዋን እየለቀቀች፣ እየተሳቀባት ተቀምጣለች።

አንድ ቅዳሜ ግን ተሳካላት። ፊት ወጥታ ስለ ገበያ ስትናገር ቃል ቃልን እየጠራ መጣላት፤ ሲስቁባት የኖሩት ሁሉ ጸጥ አሉ። በዚሁ መሃል አባቷ አቶ ቢሰጥ በሩ ላይ ብቅ አሉ። ከፍኖተ ሰላም ገጠር በርበሬ ሊሸጡ መጥተው፣ ልጄን ሳላይ አልመለስም ብለው ነው። ጋቢያቸው ላይ ያረፈው የበርበሬ ብናኝ የፊተኛውን ወንበር አስነጠሰው፤ ከኋላ ሳቅ ተሰማ።

«እንደምን ሰነበታችሁ ልጆቼ? አለሽ ያምሮቴ?»

አባት ከመንገድ ሲመጣ ልጅ ሮጣ ጉልበት ስማ «እንደምን ሰነበቱ» ማለቷ ያገር ወግ ነው። ያምሮት ወጉን አጥታው አይደለም። ግን አንዲት ቃል ካወጣች ተራዋ አለቀ፤ ደግሞ ያ ሳቅ አለ። ከቆመችበት ሳትነቃነቅ፣

«ፕሊስ፣ ዌይት አውትሳይድ» አለቻቸው።

እባክዎ ውጭ ይጠብቁ ማለቷ ነው። እንዲህ ጥርት ያለ እንግሊዝኛ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

የአቶ ቢሰጥ ፊት በራ። ከመንገድ የመጣ አባት ከልጁ አፍ መጀመሪያ የሚሰማው ሰላምታ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ባርኔጣቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉና «እግዚአብሔር ይመስገን! አንቺስ? እደጊ፣ ተመንደጊ» ብለው መረቋት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ያምሮትም፣ ኩነኔዋ ይሄ ነው፣ አብራ ሳቀች። እሳቸውም የያዙላትን ቆሎ ደፉ ላይ አኑረው፣ መኪና እንዳያመልጣቸው ሄዱ። ትምህርቱ አልቆ ሮጣ ብትወጣ የሉም።

ለፋሲካ አገሯ ገባች። ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ሰንበቴ ቤት ተቀምጠው፣ እሷም እያስተናገደች ሳለ የቀበሌው ትምህርት ቤት መምህር ስመኘው ሲገባ አባቷ ብድግ አሉ።

«ፕሊስ ዌት አውሳይድ፣ የኔታ!»

ሽማግሌዎቹም ከመቀመጫቸው ከፍ ብለው ያንኑ ደገሙለት። አቶ ቢሰጥ አገሩን ሁሉ አስተምረውታል።

«ቡሬ ላይ ልጄ በዚህ ነው የተቀበለችኝ» አሉ አቶ ቢሰጥ፣ ደረታቸውን ነፍተው።

ስመኘው ወደ ያምሮት አየ። መሬት መሬት አየች፤ ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እሱ ግን እጅ ነስቶ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?» አለና ተቀመጠ።

ወደ ቤት ሲመለሱ አባቷን ከኋላ እየተከተለች ስታምጥ ቆይታ አወጣችው።

«አባየ፣ ያ ሰላምታ አልነበረም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ውጭ ይጠብቁ ነው ያልኩዎት። ስንስቅ የነበረውም በእርስዎ ነው።»

አቶ ቢሰጥ ቆሙ። በዱላቸው አፈሩን ጫር ጫር አደረጉ።

«ስመኘው ያውቅ ኖሯል?»

«ያውቃሉ።»

«ጨዋ ልጅ ነው» አሉ። ቀጥሎም፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ለማንም እንዳትነግሪ። ሰላምታ ናት ብያለሁ፤ ሰላምታ ሆና ትቅር» አሉ።

ቢቆጧት በተሻላት። ወዲያው ጎረቤታቸው አባ ሃይለ ሚካኤል ከማዶ ማሳ ዱላቸውን ከፍ አድርገው ተጣሩ።

«ፕሊስ ዌት አውሳይድ፣ ያምሮት!»

አባቷ አሁን ዞረው አዩዋት። ነጠላዋን ከራሷ አወረደች፤ ወገቧ እስኪታጠፍ ጎንበስ አለች።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። «እርስዎስ እንደምን ሰነበቱ?»