የሊስትሮዎቹ አልጋ ወራሽ

«የኦሪሳባ ሊስትሮዎች ማኅበር፣ በሙሉ ድምፅ በወሰነው መሠረት፣ በሊቀመንበሩ ወንበር ትራስ ላይ እስከ ዘጠነኛው የጸሎት ቀን ድረስ ማንም እንዳይቀመጥ ማገዱን በታላቅ ሐዘን ያስታውቃል!»

ሊስትሮው ቺንቶ አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ለቀስተኛው ራሱን ነቀነቀ፤ ዓይኑ ግን ከሊስትሮዎቹ አንዱ በሆነው በናቦር ላይ ነበር።

እኛ አገር ተተኪ የሚባለው ሰው «ሽፍኑ» ነው። ሹሙ በልቡ ይመርጠዋል፣ ስሙን ግን ቀኑ እስኪደርስ ሸፍኖ ይይዛል። ቀድሞ ራሱን የገለጠ አለቀለት። ሚኒስትሮቹ ከፕሬዚዳንቱ ተማሩት፣ ሊስትሮዎቹ ከሚኒስትሮቹ።

ሟቹ ሊቀመንበር ዶን ኤፒግሜኒዮ በዚህ የተካኑ ነበሩ። እሑድ እሑድ በቀኛቸው የሚያስቀምጡት ሰው ይለዋወጣል። ለናቦር ግን በጆሮው፣ «ተሸፍነህ ቆይ፣ ብርድ እንዳይመታህ» ይሉታል። ናቦር አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አላስነጠሰም።

«አለቃ፣ ቡና ልጨምርልህ?» አለው ቺንቶ። ባለፈው ሳምንት «አንተ ደንቆሮ» ነበር የሚለው። «ሲሞቱ አጠገባቸው የነበርከው አንተ ብቻ ነህ። ስምህን ጠሩ አይደል? ንገረን እንጂ!»

«ዘጠኙ ቀን ይለፍ» አለ ናቦር፣ መሬት መሬት እያየ። ትሕትና መሰላቸው።

የሞቱ ዕለት ሽማግሌው ዓይናቸውን ገልጠው፣ «ኦቲሊያን ጥራልኝ» አሉ። ሚስታቸው ከግድግዳው ማዶ፣ ጓሮ፣ ልብስ ያሰጡ ነበር። ናቦር ተነስቶ በሩን ዘጋ።

«እሺ ዶን፣ መጀመሪያ ግን ሽፍኑ ማን ነው?»

«ኦቲሊያን...»

«እጠራቸዋለሁ። ማን ነው?»

ሦስተኛ ሲጠይቅ ሽማግሌው አርፈው ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ጸሎቱ አበቃ። አስከሬኑ ካረፈበት ወለል ላይ በኖራ የተሠራውን መስቀል ጠርጎ ማንሳት ብቻ ቀረ። በልማዱ የመስቀሉን ራስጌ የሚያነሳው ሟቹ ያመነው ሰው ነው። ዶኛ ኦቲሊያ ትንሽ መጥረጊያና ሳህን ይዘው ናቦር ፊት ቆሙ።

«አበልጄ፣ ራስጌው ያንተ ነው። በመጨረሻው ሰዓት ብቻውን ስላልተውከው እግዜር ይስጥልኝ። ከኔ ይልቅ አንተን ፈለገ። አልቀየምኩም።»

ቺንቶ ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስቶ ሊያጨበጭብ እጁን አነሳ።

ናቦር ሁለት እጆቹን ከጀርባው ደበቀ። «እኔ አልነካውም። ወንበሩንም ለሌላ ስጡት።»

«ምነው?»

«የጠሩት እርስዎን ነበር።»

መጥረጊያው ከእጃቸው አልወደቀም። ይልቁንም ጠበቅ አድርገው ያዙት።

«እኔ እኮ እዚያው ጓሮ ነበርኩ። ታዲያ ለምን አልጠራኸኝም?»

«አልናገርም» አለ ናቦር።